ሀርድኮር የሜታል ዓይነት ነው እንዴ? ከወንድሜ ጋር መስማማት አቃተን

ከበሬሳ ማዶ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ማታ ማታ ብርዱ ሲጠና እኔና ታናሽ ወንድሜ አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን አንድ የጆሮ ማዳመጫ ለሁለት እንካፈላለን። ግራው ለኔ፣ ቀኙ ለሱ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ዘፈን መጣ። ሁለት ጊታሮች ተከታትለው እያዜሙ ይጀምራሉ። ከዚያ ሰውየው በወፍራም ድምፅ ያጓራል። የእግር ከበሮው እንደ ወፍጮ ሳያቋርጥ ይፈጫል። መሃል ላይ ሁሉም ነገር ድንገት ዘግየት ይልና አንገት የሚያስነቀንቅ ከባድ ምት ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ጥርት ያለ ድምፅ አዝማቹን ይዘፍናል።

እኔ «ሜታል ነው» አልኩ። ወንድሜ «ሀርድኮር ነው» አለ። ተከራከርን፣ ተኮራረፍን፣ ጀርባ ሰጥተን ተኛን። በነጋታው ስልኬ ላይ «ሀርድኮር» ብዬ ስፈልግ ጭራሽ ጊታር የሌለበት፣ ከሆላንድ የመጣ የኮምፒውተር ጭፈራ አወጣልኝ። ይሄኔ ጨርሶ ግራ ገባኝ።

ሁለቱ አንድ ናቸው? ሀርድኮር ማለት ሜታል በጣም ሲከብድ ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ጉዶ በረት፦

ወንድሜ፣ በዚህማ አትኮራረፉ። ያው ነው። ጊታር ሲጮህ ሮክ፣ ሲብስ ሜታል፣ በጣም ሲብስበት ሀርድኮር ይባላል። ስሙ ራሱ «ሀርድ» ይላል እኮ። ለኔ ከጃኖ ባንድ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ፍላሽ ቤት፦

ጉዶ በረት ወንድሜ፣ አንተ የጻፍከውን እኔም ለብዙ ጊዜ አምኜበታለሁ። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልመልስ። ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ሥራዬ እዚሁ ደብረ ብርሃን ሙዚቃ መጫን ነበር። ፍላሽ ይመጣል፣ ሚሞሪ ይመጣል፣ እጭናለሁ። አብዛኛው ሰው የሚፈልገው የባህል ዘፈንና መዝሙር ነው። በ2004 ዓ.ም. ማሽን ለመግጠም ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ልጅ ቫይረስ የገባበትን ፍላሽ እንዳጸዳለት ሰጠኝ። ውስጡ ሁለት ፎልደር አለ። አንዱ «ሜታል»፣ ሌላው «ሀርድኮር» ይላል። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ሰማሁ። ያው ጩኸት ነው ብዬ ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ገለበጥኩና ፍላሹን ፎርማት አደረግኩት።

ልጁ መጥቶ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ወንድሜ፣ ገብስና ስንዴ ነው የቀላቀልከው። ሁለቱም እህል ነው። ግን አንድ ጎተራ አይገቡም» አለኝ። አፈርኩ። ከአራት መቶ በላይ ዘፈን ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ ደንበኛ ሲጠፋ በሩን ገርበብ አድርገን፣ ቆሎ እየቆረጠምን አንድ በአንድ ለየናቸው። የማውቀውን ያወቅሁት በዚያ ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ በዚያ ላይ የተጨመረ ነው።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ርዝመቱን ነው። የሜታሉ ዘፈን አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ስምንት ደቂቃ ይሄዳል። የሀርድኮሩ አንድ ደቂቃ ተኩል። አንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በኋላ ለደንበኞች ስጭን «ዘፈኑን ቆርጠህ ነው የሸጥክልኝ» ብለው የተመለሱብኝ ነበሩ። አልተቆረጠም። ሰውየው የሚለውን ብሎ ጨርሷል። ማይነር ትሬት የሚባለው የዋሽንግተን ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ ስምንት ዘፈን ይዞ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሜታሊካ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የታወቀው አልበም ደግሞ የርዕሱ ዘፈን ብቻውን ከስምንት ደቂቃ ተኩል በላይ ነው። አንዱ ባንድ አንድ ዘፈን ሳይጨርስ ሌላው አልበሙን ሊያገባድድ ምንም አይቀረው።

አሁን ወደ ዘራቸው ልግባ። ዋናው ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው።

የሜታል አገር በርሚንግሃም ናት፣ እንግሊዝ። የብረት ከተማ ናት። ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ1970 አወጣ። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ ገና በ17 ዓመቱ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ማሽኑ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ወሰደበት። ሰውየው ግራኝ ነው። ክሩን የሚጫነው በዚያ በተቆረጠው እጁ ነው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። ቀጫጭን ክር ፈልጎ አሰረ። ቆየት ብሎም ክሩ እንዲላላለት ጊታሩን ወደ ታች ቃኘው። ያ ወፍራም፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ የመጣው በከፊል ከዚህ ነው። እኛ የፋብሪካ ከተማ ልጆች ነንና ይሄን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል። ጣቱን ያጣ ሠራተኛ ነው ያንን ድምፅ ያመጣው።

ሀርድኮር ከዚህ ቤት አልተወለደም። ወላጁ ፓንክ ነው። የኒውዮርኮቹ ራሞንስ እ.ኤ.አ. በ1976 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ 14 ዘፈን ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሱ። ሦስት አራት ኮርድ ብቻ። ሶሎ የለም። ለመጫወት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፣ የምትለው ነገር ካለህ ተነስና በለው ማለታቸው ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትልልቆቹ ሙዚቃ አሳታሚዎች ፓንክን እያለዘቡ ለሬዲዮ እንዲመች አደረጉት። ይሄን ያልወደዱ የካሊፎርኒያና የዋሽንግተን ወጣቶች በተቃራኒው ሄዱ። አፈጠኑት፣ አሳጠሩት፣ አመረሩት። ካሊፎርኒያ ላይ ብላክ ፍላግ፣ ዋሽንግተን ላይ ባድ ብሬንስና ማይነር ትሬት። የቫንኩቨሩ ባንድ ዲ.ኦ.ኤ. እ.ኤ.አ. በ1981 «ሀርድኮር» የሚለውን ቃል የአልበሙ ርዕስ አደረገው።

ስለዚህ ጉዶ በረት፣ «ሀርድ» ያለው ክብደትን አይለካም። ሳይለዝብ የቀረውን፣ እስከ ጥጉ የሄደውን ፓንክ ነው የሚለው። ጫጫታው ቢመሳሰልም ዘሩ ሌላ ነው።

በጆሮ እንዴት ይለያል? ጊታሩን ስማ። ሜታል ውስጥ ጊታሪስቱ የተከበረ ሰው ነው። ሁሉም ዝም ይልለትና ሶሎውን ይጫወታል፤ ጣቱ ሲሮጥ ታደንቃለህ። የሀርድኮር ጊታር ግን እንደ መጋዝ ነው። ይገባል፣ ይቆርጣል፣ ይወጣል። ከበሮውንም ስማ። ወንድሞቼ እንደ ወፍጮ ያላችሁት የሁለት እግር ምት በአብዛኛው የሜታል ነው። የሀርድኮሩ ከበሮ ቀለል ያለና የሚጋልብ ነው፤ ፈረስ ሽምጥ ሲጋልብ እንደሚሰማው፣ አንድ እግር አንድ እጅ፣ አንድ እግር አንድ እጅ።

ድምፁም ይለያል። የሜታል ዘፋኝ ወይ ወደ ላይ ወጥቶ እንደ ኦፔራ ይዘፍናል፣ ወይ ከጉሮሮው ሥር ያጓራል። የሀርድኮሩ ይጮሃል እንጂ አያጓራም። መንዝ ሄዳችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ሰው ገደል ተሻግሮ ከዚያ ማዶ ያለውን ሰው ሲጣራ የሚያወጣው ድምፅ አለ። ሳይዘፍን፣ ሳይሰበርም፣ እንዲሰማ ብቻ ብሎ የሚያወጣው። የሀርድኮር ድምፅ ለኔ ያ ነው። ቃሉም የሰው ወግ ነው፤ ስለ ጓደኛ ክህደት፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ራስ ድክመት። ሜታል ጦርነት፣ ሞት፣ ተረት፣ ታሪክ፣ ሲኦልና ገነት ይወዳል። ሰፊ ነው፣ ትልቅ መጋረጃ ላይ ይሥላል።

ግን ይሄ ሁሉ ተደምሮ ልቤን የነካኝን አንድ ነገር አያክልም። ልጁ በስልኩ አንድ የሀርድኮር ዝግጅት ቪዲዮ አሳየኝ። መድረኩ ቁመቱ ጉልበት አይደርስም። ዘፋኙ ግማሽ ስንኝ ይልና ማይኩን ወደ ሕዝቡ ይዘረጋል። አሥር ሰው አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ወጥቶ የቀረውን ግማሽ ይጮኽለታል። ማን ዘፋኝ፣ ማን ሰሚ እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ያየሁት የሠርግ ቤታችንን ነው። አውራጁ ሲያወርድ ድንኳን ውስጥ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው አለ? ተቀባይ ያልሆነ ማን አለ? ትልቁ ሜታል በአብዛኛው ወደ ከፍተኛ መድረክ፣ ወደ መብራትና ጭስ ሄደ፤ እኛ ከታች ሆነን ቀና ብለን እናያለን። ይሄ ነውር አይደለም፣ ሜታልንም እወዳለሁ። ሀርድኮር ግን መድረኩን ራሱን ዝቅ አደረገው። ትልቁ ልዩነት ለኔ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ስለ ጃኖ ባንድ። ጃኖ የኛን ቅኝት ይዞ ሮክ የተጫወተ ባንድ ነው፤ ሀርድኮር አይደለም፣ ሙሉ ሜታልም አይደለም። ግን ጉዶ በረት ዝምድና መሽተትህ ልክ ነው። ጃኖን እ.ኤ.አ. በ2012 ለወጣው አልበሙ ያቀናበረለት ቢል ላስዌል የሚባለው አሜሪካዊ፣ ከብዙ ዓመት በፊት እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተርሄድን አልበም የሠራ ሰው ነው። ሞተርሄድን ደግሞ ሜታሉም ፓንኩም የኔ ነው ይለዋል።

እህት ከደብረ ሲና፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሙዚቃውን አልሰማም። ታናሽ ወንድሜ ግን ይሰማል፤ ጥቁር ቲሸርት ይለብሳል፣ እጁ ላይ በእስክሪብቶ የመስቀለኛ ምልክት ይሥላል፣ ይሄ ጩኸት ከቤት አይጠፋም። እናታችን ታለቅሳለች። ጎረቤት «የሰይጣን ነው» ብሏታል። ቪዲዮው ላይ ሲደባደቡም አይቻለሁ። ፍላሽ ቤት፣ ስለ ጊታሩ በደንብ ነገሩን። እስቲ ስለዚህም እውነቱን ይንገሩኝ። ወንድሜን ልተወው ወይስ ልከልክለው?

ፍላሽ ቤት፦

እህቴ፣ ጥያቄዎ ከሁላችንም ይከብዳል። የእናትዎ እንባም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የማውቀውን ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ።

የሰይጣን ወሬ መነሻ አለው። ሜታል ውስጥ ሰይጣንን ለማስደንገጫም ለትዕይንትም የተጠቀሙ ባንዶች አሉ። ከዚያ አልፎ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ብላክ ሜታል ከሚባለው ወገን የሆኑ ጥቂት ወጣቶች የእንጨት አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል። ይሄ በፍርድ ቤት የታየ ወንጀል ነው። እኛ አገር ሰው ይህን ሰምቶ ቢደነግጥ ምን ይገርማል? ግን ያ የአንድ አገር፣ የአንድ ወገን፣ የጥቂት ሰዎች ሥራ ነው። ስማቸው የሚያስፈራው ብላክ ሳባዝ እንኳ ስሙን ያገኘው ከአንድ የድሮ አስፈሪ ፊልም ነው። አባላቱ አንገታቸው ላይ መስቀል ያስሩ ነበር።

ሀርድኮር ውስጥ ደግሞ ይሄ ጨዋታ ከነአካቴው የለም ማለት ይቻላል። ወንድምዎ እጁ ላይ የሚሥለው መስቀለኛ ምልክት የእንግሊዝኛው ኤክስ ፊደል ይመስለኛል። ከሆነ ታሪኩን ልንገርዎት፣ ለእናትዎም ይንገሯቸው።

እ.ኤ.አ. በ1980 የዋሽንግተን ልጆች የነበሩበት ቲን አይድልስ የሚባል ባንድ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ ተጫወተ። ልጆቹ ለመጠጥ ዕድሜያቸው ስላልደረሰ ቤቱ እንዳይሸጥላቸው እጃቸው ላይ ትልቅ ኤክስ አሠመሩባቸው። ሲመለሱ ይሄንኑ ሐሳብ ለከተማቸው ዝግጅት ቤቶች አቀረቡ፤ ወጣቶቹን አስገቡን፣ እጃችን ላይ ምልክት አድርጉ፣ አንጠጣም አሉ። ከባንዱ አንዱ ኢያን ማካይ ነው። እሱ በኋላ በማይነር ትሬት ውስጥ ሆኖ አልጠጣም፣ አላጨስም፣ አእምሮዬን አላደነዝዝም የሚል አንድ ደቂቃ የማይሞላ ዘፈን አወጣ። ከዚያ «ስትሬይት ኤጅ» የሚባል የአኗኗር መንገድ ተፈጠረ። የኤክሱ ምልክት የሱ መለያ ሆነ።

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን በብርዷና በአረቄዋ ነው የምትታወቀው። አብረውኝ ካደጉት ልጆች አረቄ የወሰደብኝን ስም ብጠራ ይመሻል። እኔ መጠጥ የተውኩት ይሄን ዘፈን ሰምቼ ነው። ሌላ ማንም ሰብኮኝ አልነበረም። አንድ የማላውቀው ልጅ ባሕር ማዶ ሆኖ «እኔ አልጠጣም፤ ሕይወቴ ሙሉ ነው» ብሎ ጮኸ፣ እኔ ሰማሁት። እርግጥ ሀርድኮር የሚሰማ ሁሉ የማይጠጣ አይደለም። ወንድምዎንም ይጠይቁት እንጂ እኔ ስለሱ አልምልም። ግን ምልክቱን የሣለው በዚህ ምክንያት ከሆነ ከሰፈር ልጆች ሁሉ የተሻለ ጓደኛ አግኝቷል ብዬ አምናለሁ።

ድብድብ ስላሉት። ሞሽ ፒት ይባላል። ከውጭ ሲያዩት ያስፈራል። የገና ጨዋታ አይተው የማያውቁ ፈረንጆች መንዝ ውስጥ ጎረምሶች በዱላ እሩር ሲያሳድዱ ቢያዩ ምን ይላሉ? ጦርነት ነው ይላሉ። እኛ ግን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን። እዚያም ሕግ አለ። የወደቀ ሰው ወዲያው ይነሳል፤ ከጎኑ ያሉት ብብቱን ይዘው ያነሱታል። ጫማ የወለቀበት ካለ ጫማውን ከፍ አድርጎ የሚያሳይ አለ። ሁልጊዜ ደኅና ነው አልልዎትም። በ1980ዎቹ ዝግጅቶች ላይ እውነተኛ ድብድብ ነበር፣ ዘረኞችም ሰርገው ይገቡ ነበር። ሙዚቀኞቹ ግን ዝም አላሉም። የሳን ፍራንሲስኮው ዴድ ኬኔዲስ እ.ኤ.አ. በ1981 ናዚዎቹን ከመካከላችን ውጡ የሚል ዘፈን አወጣባቸው።

ዘር ካነሳን፣ ይሄ የነጭ ልጆች ሙዚቃ ነው የሚለውንም ላንሳ። ይሄኛው ያናድደኛል። ሀርድኮርን ካቆሙት ሰዎች ግንባር ቀደሞቹ ባድ ብሬንስ ናቸው። አራት ጥቁር የዋሽንግተን ልጆች። መጀመሪያ ጃዝ ፊውዥን ነበር የሚጫወቱት፤ ስለዚህ ፓንክ የሚጫወተው ሌላ የማይችል ነው የሚለውም በነሱ ይፈርሳል። መጫወት ይችላሉ፣ ግን ያንን ፍጥነት መረጡ። ራስተፈሪያን ናቸው፤ በጣም ፈጣን ዘፈን ተጫውተው ሲጨርሱ ዝግ ያለ ሬጌ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1982 በካሴት የወጣው አልበማቸው ሽፋን ላይ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ይመታል። ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው።

ያንን ሽፋን ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። በዘፈናቸው የሚያወድሷቸው ንጉሥ አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ አባት የራስ መኮንን እናት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። ሣህለ ሥላሴ ደግሞ አንኮበር ላይ የነገሡ የሸዋ ንጉሥ። ከሱቄ በር ላይ የሚነሳ ሚኒባስ አንኮበር ያደርሳል። የእምነታቸውን ነገር ቤተ ክርስቲያናችን አትቀበለውም፣ እኔም አልቀበለውም። ግን ዋሽንግተን ውስጥ ያለ ጥቁር ልጅ የሚጮኽበትን ሲፈልግ እጁ ወደኛ ተራራ ከደረሰ እኔ ያንን ሙዚቃ የባዕድ ነው ብዬ ማባረር አልችልም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልንገርዎት። ሱቄ አጠገብ በፀሐይ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጌ ስሰማ ይቆጡኛል ብዬ ልቀንሰው ተነሳሁ። «ተወው» አሉኝ። «ፎካሪ ነው እንዴ?» አሉ። አይደለም አባቴ፣ ፈረንጅ ነው አልኳቸው። «ቋንቋው አልገባኝም። ሰውየው ግን የተበደለ ነው። ዘራፍ እያለ ነው» አሉ። ብዙ አሰብኩበት። ሙሉ በሙሉ አንድ አይደለም። ፎካሪ የራሱንና የአባቱን ጀግንነት ይቆጥራል፣ ሀርድኮር ብዙ ጊዜ የራሱን ጥፋት ነው የሚቆጥረው። ግን ሽማግሌው ቃል ሳይሰሙ ሰውየውን ሰሙት። ወንድምዎን አይከልክሉት። አንድ ማታ አጠገቡ ይቀመጡና ቃሉን እንዲተረጉምልዎ ይጠይቁት።

እህት ከደብረ ሲና፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ። ምልክቱ ኤክስ ነው፣ አሁን ገባኝ።

ከበሬሳ ማዶ፦

ፍላሽ ቤት፣ አመሰግናለሁ። ግን የኔና የወንድሜ ነገር አልተፈታም። አንተ ባልከው መንገድ ሰማነው። የእግር ከበሮው ወፍጮ ነው፣ ስለዚህ ሜታል። ሶሎ አለው፣ ሜታል። መሃሉ ላይ ያለው ከባድ ምት ላይ ግን ከበስተጀርባ ብዙ ሰው አብሮ ይጮሃል። ወንድሜ «ተቀባዮቹን ሰማህ?» ብሎ ሳቀብኝ። አሁንስ?

ፍላሽ ቤት፦

አሁንማ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። ልጁ ጋር ቁጭ ብለን ስንለይ እንዲህ ያለው ዘፈን ሲመጣ ሁለታችንም ዝም እንል ነበር። ሦስተኛ ፎልደር የከፈትነው ለዚህ ነው።

ሁለቱ ቤቶች ጎረቤት ሆነው ኖሩ እንጂ ተራርቀው አልኖሩም። ሜታሊካና ስሌየር ሲጀምሩ የፓንክ ካሴት እየሰሙ ነው ፍጥነቱን የወሰዱት። ስሌየር እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ አልበም ሙሉ ለማለት ይቻላል የሀርድኮር ባንዶችን ዘፈን ነው የተጫወተው። ከዚያኛው ወገን ደግሞ ኒውዮርክ ላይ አግኖስቲክ ፍሮንትና ክሮ-ማግስ በ1980ዎቹ አጋማሽ የሜታል ጊታር ወደ ሀርድኮር አስገቡ። ዲ.አር.አይ. የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1987 አልበሙን «ክሮስኦቨር» ብሎ ሰየመው፤ መሻገሪያ ማለት ነው። አድናቂዎቹ መጀመሪያ ተናደው ነበር። ረጅም ፀጉር ያለውና የተላጨው በአንድ አዳራሽ ሲገናኙ ይተያዩ ነበር፣ ሁልጊዜም በሰላም አልነበረም።

በ1990ዎቹ ነገሩ የበለጠ ተዋሐደና «ሜታልኮር» ተባለ። ያ መሃል ላይ የሚዘገየው ከባድ ምት «ብሬክዳውን» ይባላል። እሱ ከሀርድኮር ቤት ነው የመጣው፤ የተሠራውም ለጭፈራ ነው። ሕዝቡ የሚንቀሳቀስበት ቦታ እንዲያገኝ ሙዚቃው ዞር ይልለታል። ተከታትለው የሚያዜሙት ሁለት ጊታሮች ግን ከስዊድን ናቸው። ጎተንበርግ ከተማ ውስጥ አት ዘ ጌትስና ኢን ፍሌምስ የመሳሰሉ ባንዶች ማጓራትን ከዜማ ጋር ያስታረቁበት የሜታል ዓይነት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የማሳቹሴትሱ ኪልስዊች ኢንጌጅና ጓደኞቹ የስዊድኑን ጊታር፣ የኒውዮርኩን ብሬክዳውን፣ ከላይ ደግሞ ጥርት ያለ አዝማች አንድ ላይ አመጡ። የናንተ ዘፈን እዚያ ነው የሚቀመጠው። ሜታልኮር ነው።

ግን ሜታልኮር ሁሉ እንደዚህ ለስለስ ያለ አይደለም። ኮንቨርጅ የሚባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣውን አልበም ስሙ። አዝማች የሚባል ነገር አታገኙበትም። እኔ ለመልመድ አንድ ወር ፈጀብኝ፤ አሁን ከሁሉም የምወደው እሱ ነው።

«ኮር» የሚል ጭራ ያለው ሁሉ ግን ሀርድኮር እንዳይመስላችሁ። ግራይንድኮር የተወለደው እዚያው የሜታል ከተማ በርሚንግሃም ውስጥ ነው፤ ናፓልም ዴዝ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው አልበም ላይ ሁለት ሰከንድ የማይሞላ ዘፈን አለ። እሱ ሁለቱም ቤት ይገባኛል የሚለው ልጅ ነው። ኢሞ የሚባለው ሰው ሁሉ የሚያሾፍበት ነገርም ሥሩ ሀርድኮር ነው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ የተባሉ የዋሽንግተን ልጆች ስለ ልባቸው መጮህ ሲጀምሩ የመጣ ነው።

ስልክህ ያወጣልህ የሆላንዱ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። ጋበር ይባላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሮተርዳም ውስጥ የገነነ የኮምፒውተር ጭፈራ ነው። በደቂቃ ከ160 በላይ ይመታል። እነሱም ሀርድኮር ይሉታል፤ የስም ሞክሼ ናቸው እንጂ ዝምድና የላቸውም። ስትፈልግ «ሀርድኮር ፓንክ» ብለህ ጻፍ፣ ይስተካከላል።

ከየት ልጀምር ካላችሁ፣ እኔ ብሆን በባድ ብሬንስ እጀምራለሁ። ከዚያ ማይነር ትሬት። እሱን የሚያሳትመው ዲስኮርድ እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው ቲን አይድልስ ሲፈርስ የቀረችው 600 ዶላር ገደማ ተይዛ ነው። የሸክላውን ሽፋን ልጆቹ ራሳቸው ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው በመቀስና በሙጫ ሠሩት። ከዚያ ፉጋዚ፤ ማንም ልጅ መግባት እንዲችል መግቢያቸውን አምስት ዶላር አካባቢ ያቆዩ ናቸው። የዛሬውን ከፈለጋችሁ የባልቲሞሩ ተርንስታይል አለ። የ2021 አልበማቸውን ወንድምህ ይወደዋል ብዬ እገምታለሁ። ለስላሳ የሆነበት ቦታ አለው፣ ግን ማይኩ አሁንም ወደ ሕዝቡ ይዘረጋል።

ጉዶ በረት፦

አንብቤ ጨረስኩ። እኔ ስልክ ላይ ያለው ሁሉ «ሮክ» በሚል አንድ ፎልደር ነው። ይሄን እንዴት ልለየው?

ፍላሽ ቤት፦

ቅዳሜ ወደ ከተማ የምትመጣ ከሆነ ይዘኸው ና። አብረን እንለየዋለን። በሬሳ ማዶ፣ አንተም ወንድምህን ይዘህ ና። የጆሮ ማዳመጫ ማካፈያ አለኝ፤ ለሁለታችሁም ግራና ቀኝ ሙሉ ይደርሳችኋል።